ባዶ እግርና የተዘጋጀ እግር
(ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና ሩጫ፤ ጥርባ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም በተጠራ ቁጥር አስቀድሞ የሚነሣው ባዶ እግሩ ነው። ጫማ ያላደረገ አንድ ወታደር ሮማ ገብቶ ዓለምን አሸነፈ ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሲደጋገም ሌላ ትምህርት ማስተማር ይጀምራል። ድኽነትን እንደ ጸጋ፣ ድልን እንደ ድንገተኛ ተአምር ያስቈጥራል። በገጠር ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ሲታይም «ይህስ አበበን ይተካል» ተብሎ፣ ልጁ ያለ አሠልጣኝ፣ ያለ ጫማና ያለ በቂ ምግብ ይተዋል። ስለዚህ በዚህ ንግግር የሚፈተሸው ዐቢይ ጥያቄ፦ አበበን ያሸነፈው ባዶ እግሩ ነውን? ወይስ ከእግሩ በስተኋላ የነበረው ዝግጅት? የሚለው ነው።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው በጃቶ መንደር ተወለደ። የልጅነት ዘመኑን እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት በመጠበቅና ገና በመጫወት አሳለፈ። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። የደጋው አየር፣ ዳገቱና ርቀቱ ለሳንባውና ለልቡ ስንቅ እንደ ሆኑለት አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በዚያው ደጋ ያደጉ፣ በዚያው መንገድ የተመላለሱ ልጆች እልፍ ነበሩ። አየሩ ለሁሉም ተሰጥቶ ሳለ ሮማ ላይ ቀዳሚ የሆነው አንዱ ነው። እንግዲያውስ ልዩነቱን ከአየሩ ውጭ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ልዩነቱ የተገኘው በክብር ዘበኛ የልምምድ ሜዳ ነው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ ሯጮቿን ለሚቀጥለው ጨዋታ የማዘጋጀቱ ኀላፊነት በስዊድናዊው በሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ላይ ወደቀ። ይህ አሠልጣኝ ወታደሮቹን የሚመዝነው በወሬ ሳይሆን በሰዓት ነበር። አበበ የመጀመሪያውን ማራቶን አዲስ አበባ ላይ የሮጠው በ1952 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከአንድ ወር በኋላ በዚያችው ከተማ በተደረገው ሁለተኛ ፈተና ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመ። በዚያ ጊዜ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በቼኮዝሎቫኪያዊው በኤሚል ዛቶፔክ የተያዘው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ያህል ነበር። የአዲስ አበባ ከፍታ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሆኖ ሳለ አበበ ክብረ ወሰኑን ከአገሩ ሳይወጣ አልፎት ነበር ማለት ነው። ዓለም ሮማ ላይ ተደነቀ እንጂ የአሠልጣኙ ሰዓት ነገሩን አስቀድሞ ተናግሯል።

የሮማ ማራቶን የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያውያን አዲሱን ዓመት ለመቀበል በሚሰናዱበት ዋዜማ ነው። ሩጫው ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ ሲያልቅ፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙ ወታደሮች ችቦ ያበሩ ነበር። አበበ ባዶ እግሩን የሮጠውም ጫማ አይቶ ስለማያውቅ አልነበረም። ሮማ ላይ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማውና ውሃ ስላስቋጠረው፣ በልምምድ ጊዜም በባዶ እግሩ መሮጥን ስለሚያውቅ፣ ታስቦበት የተደረገ ምርጫ ነበር። ከሞሮኮው ከራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ብዙ ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ጥሎት ሄደ። የአክሱም ሐውልት በዚያን ጊዜ በዚያው በሩጫው መጨረሻ አካባቢ ቆሞ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው ከ45 ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በቈስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ፣ ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር ሯጭ ሆነ። የሥራ ባልደረባው አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ። ከአንድ የልምምድ ሜዳ ሁለት ሰዎች በዓለም ፊት ተርታ መገኘታቸው ነገሩ ዕድል እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ ላይ የታየው ደግሞ ክርክሩን ይዘጋዋል። አበበ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ሆኖም ጫማ አድርጎ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ፣ በዓለም ከዚያ በፊት ባልታየ ፍጥነት፣ ሁለተኛውን ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ከገባ በኋላም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ሆነ። ባዶ እግር የድሉ ምንጭ ቢሆን ኖሮ፣ ጫማ ያደረገው አበበ ከባዶ እግሩ አበበ ሦስት ደቂቃ ያህል ሊፈጥን ባልቻለ ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው አይሸነፍም ነበር ማለት ግን አይደለም። በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጥቷል። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይም እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበር፣ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቋረጠ። ያን ዕለት ግን ወርቁ ከኢትዮጵያ አልወጣም። በዚያው ሠራዊት ያደገው ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ተአምር ለአንድ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ሥርዓት ግን ለተከታይ ይተላለፋል።

በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪናው ሲጓዝ አደጋ ደረሰበት። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ቢታከምም ሁለቱ እግሮቹ ዳግመኛ አልተራመዱም። እጆቹ ግን ቀስ በቀስ ኀይላቸውን አገኙ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በእንግሊዝ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ ተካፈለ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኘ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። እግሩን ያጣ ሯጭ ወደ ውድድር የተመለሰው በምንድን ነው? በእግሩ አለመሆኑ የታወቀ ነው። ልምምድን፣ ትዕግሥትንና ሥርዓትን አካሉ ሳይሆን ጠባዩ ተምሮ ስለ ነበር ነው።

ይህን ነገር ለአዊ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚታየውን ግልቢያ የሚያውቅ ሁሉ፣ ፈረስ በበዓሉ ጧት እንደማይዘጋጅ ያውቃል። ፈረስ ይቀለባል፣ ይገራል፣ ኮቴው ይታያል፣ ሲደክም ያርፋል። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው አገር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ያለ ነውና፣ ልጆቹ አበበ የተነፈሰውን ዓይነት አየር ይተነፍሳሉ። ለፈረስ የሚደረገው ጥንቃቄ ለልጅ ቢነፈግ ግን ከፍታው ብቻውን ሯጭ አያወጣም።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለመምህሩና ለስፖርት ኀላፊው ሦስት ግዴታዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሯጭ ልጅ በአድናቆት ብቻ ሳይሆን በሰዓት ይመዘን፤ ያስመዘገበውም ይጻፍለት፤ ያልተጻፈ ፍጥነት ከሰፈር ወሬ አያልፍም። ሁለተኛ፣ እግሩ፣ ጤናውና ምግቡ ይታዩለት፤ ባዶ እግር ታስቦበት ሲመረጥ ዘዴ ነው፣ ከማጣት ሲመጣ ግን ጉዳት ነው። ሦስተኛ፣ ከትምህርቱ አይነጠል። ጉልበት በአንድ ቀን አደጋ ሊቀር ይችላል፤ በቀስት የተመለሰው አበበ የሚያስተምረው ሯጩ ሲቆም ሰውየው መቀጠል እንዳለበት ነው።

አበበ ቢቂላን ማክበር ማለት በሮማ መንገድ ላይ የታየውን እግር ብቻ ማወደስ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ በክረምት፣ ማንም ሳያጨበጭብለት፣ በሰዓት እየተለካ የሮጠውንም ማስታወስ ነው። ለዛሬው ልጅም እንዲሁ የሚለካው፣ የሚመክረውና የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። ይህም ሥራ በአብዛኛው የተጣለው በዚህ ሙያ ባልደረቦች ላይ ነው።