«ማንአለብህ» ይገጠም ወይስ ይነጠል?

እሱ፦ እህትዓለም፣ ከዱርቤቴ አንድ አባት ጠይቀውናል። የልጃቸውን ስም «ማንአለብህ» ብለዋል፤ ይገጠም ወይስ ይነጠል?

እሷ፦ ይገጠም እንጂ! የልደት መዝገቡ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው የሚጠይቀው። «ማን» ብለው ክፍተት ከተዉ «አለብህ» አባት ሆኖ ቁጭ ይላል።

እሱ፦ እውነተኛው አባት ደግሞ ወደ አያትነት ያድጋላ! ሰረዝስ ቢገባበት?

እሷ፦ ሰረዝ የፈረንጅ ነው፤ ጎጃም «ሰውመሆን»ን ያለሱ አሳድጓል። እኔን የሚያሳስበኝ «ማናለብህ» ተብሎም መጻፉ ነው። ልደት ካርዱ ላይ አንድ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ከሆነ ፓስፖርት ሲወጣ ጣጣ ነው።

እሱ፦ በ40 ቀኑ «ወልደ ጊዮርጊስ» ቢባልስ?

እሷ፦ የክርስትና ስሙ እንደ ግዕዙ ተነጥሎ ይቀመጥ፤ ቄሱ አይምታታባቸውም። ምዝገባውን ግን አባትየው አዋጅ 760/2004 የሚሰጠው 90 ቀን ሳያልፍ ይጨርሱ።

እሱ፦ ታዲያ «ማንአለብህ» ወይስ «ማናለብህ»?

እሷ፦ እኔ «አ»ን አልውጥም፤ አያትየው ካልተቆጡ።