ቀለም የሚለውጥ መስታወትና ባለ ቀዳዳ ስስ ሽፋን



የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሚያበርረው ቦይንግ 787 የተሳፈረ ሰው፣ በመስኮቱ ላይ የሚወርድ መከለያ እንደሌለ ያስተውላል። ከመስኮቱ በታች ያለው ቁልፍ ሲጫን መስታወቱ ቀስ እያለ ይጨልማል፤ መልሶ ሲጫንም ቀስ እያለ ይጠራል። አንዳንዱ ተሳፋሪ ቁልፉ የተበላሸ እየመሰለው ደጋግሞ ይጫነዋል። ለመሆኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስታወት ስለምን ይዘገያል?

ምክንያቱ፣ ከኤሌክትሮኑ ጋር አንድ ግዙፍ ነገር አብሮ መጓዝ ስላለበት ነው። በአውሮፕላኑ መስኮት፣ በሁለት ሳህኖች መካከል በታሸገው ዝልግልግ ውስጥ የሚጓዙት የቀለሙ ሞለኪውሎች ራሳቸው ናቸው። በሕንፃ መስኮት ግን ቀለም የሚለውጠው በመስታወቱ ላይ የተለበጠ ጠጣር ስስ ሽፋን ሲሆን፣ ወደ እርሱ ገብተው የሚወጡት አዮኖች ናቸው። የታወቀው ቁስ ቱንግስተን ኦክሳይድ ነው። ሳትየን ዴብ ጠባዩን እ.ኤ.አ. በ1969 ካሳወቀ ወዲህ ብዙ ተደክሞበታል። የሊትየም አዮንና ኤሌክትሮን ሲገቡበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ሲወጡ ይጠራል።

ችግሩ ሽፋኑ እንደ ልስን ግድግዳ የተጠቀጠቀ መሆኑ ነው። በጥልቀት እንዲጨልም መወፈር፣ እንዲፈጥን ደግሞ መሳሳት አለበት። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን አዮኑ ለመዝለቅ የሚፈጅበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ሁለቱን ፍላጎቶች በአንድነት ማርካት ያስቸግራል። ባለ ቀዳዳ ማዕቀፍ የሚፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው።

ማዕቀፉን ለመረዳት በግንባታ ቦታ የሚታየውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ማሰብ ይበቃል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የብረታ ብረት አቶሞች ይቀመጣሉ፤ በአጣናዎቹ ቦታ ካርቦናዊ ሞለኪውሎች ይዘረጋሉ፤ የቀረው ባዶ ነው። ኤሌክትሮላይቱ ወደዚህ ባዶ ስለሚሰርግ፣ አዮኑ በጠጣሩ ውስጥ የሚሄደው መንገድ እጅግ ያጥራል። ሽፋኑ ቢወፍርም መግቢያው አይዘጋም።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ ነው ለማለት አይቻልም። በ18ኛው መቶ ዓመት መባቻ በርሊን ውስጥ የተገኘው የፕሩሺያ ሰማያዊ ቀለም፣ የብረት አቶሞች በሳያናይድ ተያይዘው የግማሽ ናኖሜትር ያህል ክፍተት የሚተዉበት ማዕቀፍ ነው። ቬርኖን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ1978 ስስ ሽፋን አድርጎ ሲፈትነው፣ ኤሌክትሮን ሲሰጠው ቀለሙን አጣ፤ ሲወሰድበት መልሶ ሰማያዊ ሆነ። አዲስ የሆነው የአጣናውን ርዝመትና ዓይነት እንደ ልብ መምረጥ መቻሉ ነው፤ ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ እ.ኤ.አ. የ2025ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ መስክ ነው። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ከዚርኮኒየምና ከፓይሪን የሠራው ሽፋን ከቢጫ ወደ ደማቅ ሰማያዊ ሲለወጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የሙኒክ ተመራማሪዎች ብረታ ብረት በሌለበት ማዕቀፍ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ቀለም ማስለወጥ ችለዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ፍጥነት ከሚገባው በላይ ተወድሷል። በትንሽ ናሙና ላይ የተለካ ግማሽ ሰከንድ በመስኮት ላይ ግማሽ ሰከንድ አይሆንም። መስኮቱ ሲሰፋ ፍጥነቱን የሚወስነው ብርሃን አሳላፊው የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ንብርብር ነው፤ የራሱ ተቃውሞ ስላለው ዳርና ዳሩ ቀድሞ ይጨልማል፣ መካከሉ ዘግይቶ ይከተላል። ደግሞስ ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትጓዘው ቀስ ብላ አይደለምን? ለሕንፃ ጥቂት ደቂቃ ዕዳ አይደለም። ዕዳው ዕድሜ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚለዋወጥ መስኮት በ20 ዓመት 14,600 ጊዜ ይለዋወጣል። የተጠቀጠቀው ቱንግስተን ኦክሳይድ እያደር የሚደክመው አዮኖች ገብተው ስለሚቀሩበት ጭምር ነው፤ የኡፕሳላ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ የቀሩትን በቮልቴጅ አስወጥቶ ሽፋኑን ማደስ ይቻላል። ማዕቀፎቹ ግን ሌላ ድካም አለባቸው። አንዳንዶቹ መጋጠሚያቸው በአየር እርጥበት ይፈታል። ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ በመሆናቸው ኤሌክትሮኑ ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል እየዘለለ መሄድ አለበት። አሠራራቸውም አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱን በታሸገ ዕቃ፣ በጋለ ፈሳሽ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ ለጥፍር ያህል ናሙና የሚመች ይህ ዘዴ ለሁለት ሜትር መስኮት ምን ያህል ዕቃ እንደሚጠይቅ መሐንዲስ ሁሉ ይገምታል። ስለሆነም ስለ አዲስ ሽፋን የሚወጣ ዘገባ ሲነበብ፣ ከሰከንዱ አስቀድሞ የናሙናው ስፋት፣ የተፈተነበት ዙር ብዛትና የአየሩ እርጥበት ቢታይ ይሻላል።

ማዕቀፉ ቱንግስተን ኦክሳይድን ከመተካት ይልቅ አጋሩ ሆኖ ቢገባ የቀረበ ይመስላል። የፕሩሺያ ሰማያዊ በሙከራ መስታወቶች ላይ ይህን ሥራ ሲሠራ ቆይቷል፤ አንደኛው ሽፋን ኤሌክትሮን ሲቀበል፣ ሌላኛው ሲሰጥ ሰማያዊ ይሆናሉና፣ በሁለቱ ሳህኖች ላይ ተፋጠው ሲቆሙ ባንድ ጊዜ ይጨልማሉ፤ ባንድ ጊዜም ይጠራሉ።