የአትክልተኛ ድርጅትና የተሰወረው ባርነት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ባርነት በሕግ ከተሻረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1942 በአዋጅ ተከልክሏል። ይሁን እንጂ የዓለም የሥራ ድርጅት ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረገው ግምት መሠረት፣ በ2021 በዓለም ላይ 27.6 ሚሊዮን ሰዎች በግዴታ ሥራ ተይዘው ይገኙ ነበር። እግር ብረቱ ቀርቶ በቦታው ዕዳ፣ በሌላ ሰው እጅ ያለ ፓስፖርትና ከደመወዝ የሚቆረጥ የማደሪያ ኪራይ ተተክቷል።

ችግኝ የሚያፈላ፣ ሣር የሚያጭድ፣ የግቢ መንገድ በድንጋይ የሚያነጥፍ ድርጅት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ ለማግኘት የብሪታንያን ሁኔታ መመልከት ይበቃል። በዚያ አገር፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004፣ ሞርካም በተባለው ባሕረ ሰላጤ ለምግብ የሚሆን ዛጎል በሌሊት ሲለቅሙ የነበሩ ከ20 በላይ ቻይናውያን ሠራተኞች ማዕበል መጥቶ አሰጠማቸው። ያሰማራቸው ካቦ በኋላ በፍርድ ቤት ተቀጥቷል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግም ለእርሻ፣ ለአትክልት ልማትና ለዛጎል ለቀማ ሠራተኛ የሚያቀርብ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ። አትክልተኛውና ዛጎል ለቃሚው በአንድ ሕግ ሥር የዋሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ሥራ ወቅት ጠባቂ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ በቀጣዩ ሳምንት ግን አንድም ላይፈልግ ይችላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የ2015 የዘመናዊ ባርነት ሕግ፣ የዓመት ሽያጩ 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ድርጅት ሁሉ በሥራውና በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባርነት እንዳይኖር ምን እንዳደረገ በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጣ ያዛል። መግለጫውን የዲሬክተሮች ቦርድ ማጽደቅ፣ ከዲሬክተሮቹም አንዱ መፈረም አለበት። ነገር ግን ሕጉ «ምንም እርምጃ አልወሰድሁም» ብሎ መጻፍንም እንደ መግለጫ ይቀበላል! ስለዚህ መግለጫው የተሟላ የሆነ ድርጅት ሁሉ ሥራውም የተሟላ ነው ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

የንጣፍ ድንጋዩን ጉዳይ እንመልከት። በብሪታንያ ግቢዎች ከሚነጠፈው የአሸዋ ድንጋይ ብዙው የሚመጣው ከሕንድ፣ በተለይም ከራጃስታን ክፍለ ሀገር ነው። በዚያ የድንጋይ ማውጫ የሚሠራው ሰው ሥራ ሲጀምር ከተቋራጩ ቅድሚያ ብድር ይወስዳል። ብድሩ ለሠርግ፣ ለሕክምና ወይም ለቀለብ ይውላል። የቀን ሥራው ዋጋ ከዕዳው ላይ ሲቀነስ፣ ወለዱ ደግሞ ሲጨመርበት፣ ዕዳው ከዓመት ዓመት ይሸጋገራል። አቧራው ሲሊኮሲስ የተባለውን የሳንባ በሽታ ሲያመጣበትም ለሕክምና ዳግመኛ ይበደራል፤ እሱ ሲሞት ዕዳው ለሚስትና ለልጅ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ሕንድ የዕዳ ባርነትን እ.ኤ.አ. በ1976 በሕግ አጥፍታለች፤ ሕጉ ግን ብድሩ በቃል ብቻ የሚሰጥበትን፣ መዝገብም የሌለበትን የድንጋይ ማውጫ በቀላሉ አይደርስበትም። ድንጋዩ ከማውጫው ወደ ጠራቢው፣ ከጠራቢው ወደ ላኪው፣ ከላኪው ወደ አስመጪው ሲተላለፍ ምንጩ ይጠፋል። እንግዲህ አትክልተኛው ድርጅት በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው፣ ድንጋዩ ከየትኛው ማውጫ እንደወጣ ነው። ይህን መናገር የማይችል አስመጪ ስለ ሠራተኞቹ የሚሰጠው ማረጋገጫ ዋጋ የለውም።

በአገር ውስጥ ያለው አደጋ ደግሞ ከጊዜያዊ ሠራተኛ ጋር የተያያዘ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአትክልትና ፍራፍሬ ሥራ የወቅት ሠራተኛ ቪዛ በሙከራ ጀመረች፤ በኋላም የአበባ ልማት ተጨመረበት። ሥራ ለማግኘት ሠራተኛውን ማስከፈል በዚያ አገር በ1973 በወጣ ሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ሠራተኛው በኔፓልም ሆነ በኢንዶኔዥያ ለደላላ ተበድሮ ከፍሎ የሚመጣበት ሁኔታ ታይቷል። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ቢበደልም አፍ አውጥቶ አይናገርም። በመሆኑም ኃላፊው የደመወዝ መዝገቡን ገልጦ፣ የብዙ ሠራተኞች ደመወዝ ወደ አንድ የባንክ ሒሳብ ገብቶ እንደሆነ፣ አሥራ አምስት ሰው አንድ የቤት አድራሻ አስመዝግቦ እንደሆነ፣ የማደሪያና የመጓጓዣ ተቀናሽ ደመወዙን ምን ያህል እንደበላው ማየት ይገባዋል። ይህን ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። አቅራቢው ራሱ ሞልቶ የሚመልሰው መጠይቅ ግን ይህን ሁሉ አያሳይም። ሠራተኛውንም ማነጋገር ያስፈልጋል፤ የሚያስተረጉመው ግን ካቦው ራሱ ከሆነ አለማነጋገሩ ይሻላል።

በደል ሲገኝ ብዙ ድርጅቶች ውሉን ወዲያው ያፈርሳሉ። ይህ የድርጅቱን ስም ያድን ይሆናል፤ ሠራተኛው ግን ዕዳውን እንደተሸከመ ያለ ሥራ ይቀራል። የተሻለው መንገድ አስቀድሞ የሠራተኛውን ደኅንነት ማስጠበቅ፣ ለባለሥልጣን ማስታወቅ፣ ለደላላ የከፈለውንም ገንዘብ ማስመለስ ነው። ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል፤ ፍትሑ የሚያዘው ግን ቀጣሪው እንዲከፍል ነው። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የገዛውም ደንበኛ የድርሻውን ቢሸከም ተገቢ ነው።

ይህ ጉዳይ የማኅበሩን አባላት በቀጥታ ይነካል። ከዝዋይና ከቆቃ አካባቢ የሚላከው አበባና ለተከላ የሚሆን ቁርጥራጭ የሚሄደው ወደ አውሮፓ ገበያ ነው። ኢትዮጵያም የግዴታ ሥራን የሚከለክለውን 29ኛውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቃለች። የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ከገዢው የሚደርሰውን መጠይቅ ሲሞላ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ትርፍ ሰዓትና ስለ ቅጥር ውል ይጠየቃል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገዢው ትእዛዙን ከበዓል ሁለት ሳምንት በፊት በእጥፍ ሲያሳድግ፣ ወይም የተቆረጠውን አበባ ሳይረከብ ሲቀር፣ ትርፍ ሰዓቱንና የቀን ሠራተኛውን የወለደው ያ ውሳኔ ነው። በአብዛኛው መጠይቅ ላይ ግን ስለዚህ የሚሞላ ቦታ አይገኝም።