የዕጢ ፕሮቲኖችና የመጀመሪያዋ ሰዓት



የጣና ዓሣ አጥማጅ ንጋት ላይ ያወጣውን ቆሮሶ ፀሐይ እስኪበረታ ድረስ በታንኳው ላይ አያቆየውም። ሥጋው ከውኃ በወጣበት ቅጽበት መለወጥ እንደሚጀምር ያውቃል። ከሰውነት የተቆረጠ የነቀርሳ ዕጢም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ደም ሲቋረጥበት ሕዋሳቱ ወዲያው አይሞቱም፤ ኦክስጅን እያጡ ለጥቂት ጊዜ ይፍጨረጨራሉ፤ መፍጨርጨሩም በፕሮቲኖቻቸው ላይ ምልክት ይተዋል።

የጂን ምርመራ ሕዋሱ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሲያመለክት፣ የፕሮቲን ምርመራ በሥራ ላይ ያለውን ያሳያል። ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ የተቆራረጡ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው እየለየ ከአንድ ዕጢ በሺሕ የሚቆጠሩትን በአንድነት ይለካል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት 105 የጡት ነቀርሳ ዕጢዎችን በዚህ ዘዴ መርምሮ ነበር። ለትንተና የበቁት ግን 77ቱ ብቻ ሆኑ፤ በቀሩት 28ቱ ፕሮቲኑ ፈርሶ ተገኘ። ገንዘብና ማቀዝቀዣ በሞላበት አገር እንኳ መሣሪያው የተበላሸውን ሊያቃናው አልቻለም።

ነገሩ የትልልቅ መሣሪያዎች ጣጣ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ተሳስቷል። በየሆስፒታሉ የሚፈለገው የኤስትሮጅን ተቀባይም ፕሮቲን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የታከሙ 352 ሴቶችን ዕጢ የመረመረ ጥናት፣ ተቀባዩ ያልተገኘባቸው 35 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ይኸውም ከ3ቱ ሴቶች 2ቱ ያህል ታሞክሲፌን ከተባለው ርካሽ ኪኒን ሊጠቀሙ የሚችሉ ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ አንዲት ሴት ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግራ ባሕር ዳር ደረሰች፣ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላት እንበል። ዕጢዋ ፎርማሊን እስኪገኝ በሞቃት ክፍል ቢቆይ፣ ወይም ሳይሰነጠቅ በጠባብ ዕቃ ቢታጨቅ፣ በሕይወት ሳለ የነበረው ተቀባይ በመስታወቱ ላይ ላይታይ ይችላል። ውጤቱ «የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ ኪኒኑም ይቀርባታል። ስሕተቱን የሚያውቅ አይኖርም፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነውና።

የሙያው መመሪያ ዕጢው በ1 ሰዓት ውስጥ ተሰንጥቆ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ፣ በዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል። ለዚህ የሚያስፈልገው በቀዶ ሕክምናው ክፍል አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰፊ ዕቃ፣ በቂ ፎርማሊንና አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው። በምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይም ሁለት መስመር ይጨመር፦ ዕጢው የተቆረጠበት ሰዓት፣ ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት።