ማሽላ፥ ለውዝና ስኳር ድንች፤ የመፀው ማዕድ በድሬዳዋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ለዚህ በዓል ከየክፍሉ አንዳንድ ንግግር እንዲዘጋጅ በታዘዘ ጊዜ አንዱ ክፍል ስለ ጠፈር፥ ሌላው ስለ ኮምፒዩተር ለመናገር መረጠ። እኛ ግን ስለ ወጥ ቤት ልንነግራችሁ መጥተናል። ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቻችን ፈገግ ሲሉ ከዚህ ሆነን እናያቸዋለን፤ ሆኖም ሲርባቸው ወዴት እንደሚሮጡ ስለምናውቅ አልተቀየምንም።

አሁን ያለንበት ወራት መፀው ይባላል። በሀገራችን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ቀን ያበቃና ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ ዘመነ መፀው ነው። ብዙ ሰው መስከረም ሲጠባ «ጸደይ ገባ» ይላል፤ ጸደይ ግን ከክረምት አስቀድሞ፥ ከመጋቢት 26 ቀን ጀምሮ የሚመጣው ነው። ይህን ለማረም አልነበረም የተነሣነው፤ ነገር ግን ሳንናገር ብናልፍ የአማርኛ መምህራችን አይወዱልንም።

ለድሬዳዋ ሰው መፀው ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ከምድጃ ጋር መታረቅ ነው። በግንቦትና በሰኔ በዚህ ከተማ እሳት አጠገብ መቆም ቅጣት መሆኑን እናቶቻችን ይመሰክራሉ፤ እንጀራ ለመጋገር ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሡም አሉ። በጥቅምትና በኅዳር ግን ማታ ማታ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፥ ሰውም ትኩስ ነገር ያምረዋል። ደገኞች «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላሉ። እኛ ቆለኞች እንኳን አጥንት የሚያስመኝ ብርድ የለንም፤ ቢሆንም ምሳሌውን ለሥጋ ምክንያት አድርገን እንጠቀምበታለን።

ደግሞ ይህ ወራት አዝመራው የሚደርስበት ነው። ቀፊራ ገበያ የሄደ ሰው ያየዋል፤ ከገጠር የሚመጡ የኦሮሞ እናቶች ማሽላውን በጣሳ እየሰፈሩ፥ ስኳር ድንቹን ከነአፈሩ ከምረው፥ ዱባውን ከፍለው ይሸጣሉ። ከባቢሌና ከፈዲስ ወገን አዲስ ለውዝ ይገባል። ሕፃናት ጥንቅሽ እያኘኩ ያልፋሉ፤ እኛም ብንሆን ዩኒፎርማችንን ባያበላሽብን ኖሮ አናልፈውም ነበር። ከዚህ ሁሉ መካከል የመረጥነው ማሽላን ነው፤ ምክንያቱንም እንገልጻለን።

በክፍላችን ምሳ ሰዓት ላይ የምናየው አንድ ነገር አለ። የጤፍ እንጀራ ወይም ነጭ ዳቦ ይዞ የመጣ ተማሪ የምሳ ዕቃውን ወለል አድርጎ ይከፍታል። የማሽላ እንጀራ የያዘው ግን ክዳኑን በግማሽ ብቻ ከፍቶ፥ እጁን አስገብቶ፥ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይበላል። ማንም አልሰደበው፥ ማንም አልከለከለው፤ ነገር ግን ማሽላ የድሃ እህል ነው የሚለውን ወሬ ከየትም ሰምቶታል። ያ ማሽላ ምናልባት አባቱ በገዛ እጁ ያጨደው ነው።

ይህ ወሬ ከየት መጣ ብለን ስንጠያየቅ ታሪክን ማየት ግድ ሆነብን። ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ግን 15 ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያ መካከል ፈረንሳዩ፥ ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ህንዱና የመኑ እዚህ ሰፈረ፤ በኋላም ጣልያኑ መጣ። ፉርኖ የምንለው ቃል የጣልያን ሲሆን ትርጓሜው ምድጃ ነው፤ ነጩን የስንዴ ዱቄት «ፉርኖ ዱቄት» ማለታችንም ከዚያው የመጣ ነው። በከዚራ የዳቦ ሽታ፥ በመጋላ የሐላዋ ሽታ ለከተማችን ክብርን አመጣላት፤ እኛም ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ እየበላን ያደግን ስለሆንን አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ ነጭ ዳቦ የከተሜነት ምልክት በሆነ ጊዜ ማሽላው ሳያጠፋ ወደ ጓዳ ተገፋ።

ማሽላ ግን ባለ ታላቅ የዘር ሐረግ ነው። በምሥራቅ ሱዳን በከሰላ አካባቢ በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የማሽላ ፍሬ ታትሞ ተገኝቷል፤ ዕድሜውም ወደ 5000 ዓመት ይጠጋል። ይህ የእኛው የአፍሪካ ምሥራቅ ሰው ካለመዳቸው ቀደምት እህሎች አንዱ ነው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2023ን የማሽላ፥ የዳጉሳና የመሰሎቻቸው እህሎች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለን ግን ሌላ ነው። ደንገጎን ወጥተን ብዙም ሳንርቅ የምናገኘው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፥ የያኔው አለማያ ኮሌጅ፥ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን አስተምሯል። እኚህ ሰው ድርቅን የሚችል ዲቃላ ማሽላ ለሱዳን ገበሬዎች አስገኙ፤ ቀጥሎም አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አወጡ። አቀንጭራ አበባው ሲያዩት የሚያምር፥ ሥሩ ግን በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ክፉ አረም ነው። ስለዚህም ሥራቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ያን ክዳኑን በግማሽ የሚከፍተውን ጓደኛችንን ይህን ብንነግረው፥ በማግሥቱ ክዳኑን ሙሉ ባይከፍተውም ወደ ግድግዳ መዞሩን ትቷል።

በወንጌል እንደተማርነውም፥ ያ ብላቴና ለሕዝቡ ያቀረበው አምስት እንጀራ የገብስ ነበር እንጂ የስንዴ አልነበረም፤ ገብስም በዚያ ሀገር የድሆች እህል ነበር።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። ብዙ ሰው «ማሽላ ይደርቃል፥ ዳቦም አይሆንም» ይላል። እውነት አለው፤ ምክንያቱን ግን ማወቅ ይገባል። በስንዴ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ውሃ ሲነካውና ሲታሽ እንደ ጎማ ይሳባል፥ እርሾው የሚያወጣውንም አየር አምቆ ይይዛል፤ ዳቦ የሚነፋው በዚህ ነው። ማሽላ ይህ ፕሮቲን የለውም፤ አየሩ ያመልጠዋል። እናቶቻችን ስለ ግሉተን ሳይሰሙ መድኃኒቱን ያውቁ ነበር፤ ይኸውም አብሲት ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ ሲማሰል ገንፎ መሰል ይሆንና ተመልሶ ወደ ሊጡ ሲገባ ያወፍረዋል፤ የወፈረው ሊጥም አየሩን ስለሚይዝ እንጀራው ዐይን ያወጣል። በኬሚስትሪ ክፍል ስለ ስታርች የተማርነውን በጓዳ ውስጥ አገኘነው ማለት ነው።

የሶማሌ ጓደኞቻችን እናቶች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። ዳቦው ይነፋ ብለው አይታገሉም፤ ሙፎን በሸክላው ምድጃ ግድግዳ ላይ ጠፍጥፈው ይጋግሩታል፥ ለሖህንም ስስ አድርገው በምጣድ ያወጡታል። ጠዋት በሻይ የበላው ሰው ስለ ነጭ ዳቦ አያስብም። በሐረሪ ቤት ሁልበት መረቅ፥ በኦሮሞ ቤት ጨጨብሳና ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ይህን ሁሉ ሳንቀማመስ 12 ዓመት መማራችን የሚያስገርም ነው።

እኛ የሞከርነው ድፎ ዳቦ ነው። በሦስት ዓይነት ልክ ጋገርነው። ማሽላው ከፉርኖ ዱቄቱ ጋር እኩል የሆነበት ተሰነጠቀ፥ በማግሥቱም ጥርስ የሚፈትን ሆነ። አንድ ሦስተኛው ማሽላ የሆነበት ለትኩስነቱ መልካም ነበር። ከአራት እጅ አንዱ ማሽላ የሆነውና የተቀቀለ ስኳር ድንች የገባበት ግን ለሁለተኛው ቀንም ለስላሳ ሆኖ ቆየ፤ ድንቹ እርጥበቱን ይዞለታልና። ልኩ ይህ ነው፤ ሦስት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፥ አንድ ብርጭቆ የነጭ ማሽላ ዱቄት፥ አንድ ብርጭቆ ተቀቅሎ የተፈጨ ስኳር ድንች፥ ሁለት የሻይ ማንኪያ እርሾ፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ አንድ ብርጭቆ ሊበቃ ይችላል፥ ድንቹ ውሃ ካዘለ ግን ያነሰ ነው። በደንብ ታሽቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል። ሌላ ሀገር የተጻፈ መጽሐፍ ይዛችሁ ከሆነ የተጻፈውን ሰዓት አትጠብቁ፤ በድሬዳዋ ሙቀት ሊጥ አይታገሥም። ኮባ እዚህ ስለማይገኝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለን፥ ከታችም ከክዳኑ በላይም ፍም አድርገን፥ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ጋገርነው።

ማሽላ ስትገዙ ነጩን ምረጡ። ቀይ የሆነው ብዙውን ጊዜ የሚያጣብቅ መራራ ነገር ስላለበት ወፍ እንኳ ይሸሸዋል፤ ለጠላ ይሁን እንጂ ለዳቦ አንመክረውም።

ስለ ለውዝ አንድ ከባድ ነገር ሳንናገር አንወርድም። ለውዝ ሳይደርቅ ከተከማቸ ይሻግታል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፥ ይህም ጉበትን የሚጎዳ፥ ለካንሰርም የሚዳርግ ነው። ብዙ ሰው «ቢቆላ ይድናል» ይላል። አይድንም፤ የእሳት ሙቀት ይህን መርዝ ፈጽሞ አያጠፋውም። የተጨማደደውን፥ የጠቆረውን፥ የመረረውን ለይቶ መጣል እንጂ «ለልጆች ይሁን» ብሎ ማስቀረት አይገባም። የልጆች ጉበት ከትልቅ ሰው የጠነከረ አይደለም።

አሁን ወላጆቻችንን አንድ ነገር ልንጠይቅ ነው። ዳቦውን ስንለማመድ ከክፍላችን አንዱ ወንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ ሊጥ ሲያቦካ አባቱ ገብተው አዩትና «እኅቶችህ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁት። እኅቶቹ ለፈተና እያጠኑ ነበር። እኛ ሁላችንም፥ ሴቶቹም ወንዶቹም፥ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና እንፈተናለን። ፈተናው አንድ ነው፥ ሰዓቱም አንድ ነው። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወንዶቹ ወደ መጽሐፍ ወይም ወደ ኳስ፥ ሴቶቹ ወደ ምጣድ እንሄዳለን። ሴት ልጅ መጽሐፏን የምትከፍተው ዕቃው ሁሉ ታጥቦ ካለቀ በኋላ፥ ዐይኗ በጭስ ቀልቶ ነው። ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ «ለምን አነሰብሽ?» ተብላ የምትጠየቀው እርሷው ናት።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየትምህርት ቤቱ የቤት ባልትና የሚባል ትምህርት ለሴቶች ልጆች ይሰጥ እንደነበር አያቶቻችን አጫውተውናል። ትምህርቱ መልካም ነበር፤ በር ላይ ወንዶቹን መመለሱ ግን አይመስለንም። ከእኛ መካከል በመጪው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ፥ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወይም ጅቡቲ የሚሄድ፥ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ይኖራል። ዕንቁላል መጥበስ የማይችል የ18 ዓመት ወጣት ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ለምግብ ቤት ሰጥቶ ወሩ ሳይጋመስ ይራባል። ከዚህም በላይ በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር ጦርነት በዩክሬን ላይ በተከፈተ ጊዜ የስንዴና የዘይት ዋጋ በዓለም ሁሉ እንዴት እንደወጣ አይተናል። ያን ጊዜ ማሽላና ስኳር ድንች በምን በምን እንደሚዘጋጁ የሚያውቅ ቤት ካላወቀው ቤት ይልቅ መላ አገኘ።

ስለዚህ በዚህ ኅዳር፥ ቢቻል በሳምንት ሁለት ቀን፥ ወንዶች ልጆቻችሁ ምጣድ አጠገብ ይቁሙ፥ ሴቶች ልጆቻችሁም በእነዚያ ሁለት ቀናት ቶሎ ወደ መጽሐፋቸው ይቀመጡ። እንጀራው መጀመሪያ ላይ ቅርጹ የጅቡቲን ካርታ ቢመስል አትሳቁባቸው። እናቶቻችንም «እኔ በዐይኔ ነው የምለካው» ብላችሁ አታልፉን፤ አንድ ቀን በብርጭቆ ለኩልንና እንጻፈው።

የጋገርነውን ለአንዷ ጓደኛችን አያት አስቀምሰናቸው ነበር። ጥቂት አኝከው «መልካም ነው። ግን ስንዴ ነው ብላችሁ አትዋሹበት፤ ማሽላ ነው በሉ» አሉን። ስለዚህም ስሙን ጽፈን አስቀምጠነዋል። ንግግሩ ሲያበቃ ከግቢያችን ዛፍ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ባለ አዝሙዱ በግራ በኩል፥ ለውዝ የገባበት በቀኝ በኩል ነው። ለውዝ የማይስማማው ሰው ቀኙን እንዳይነካ አደራ እንላለን። ቁጢውን ያፈሉት የክፍላችን ወንዶች ናቸው፤ ጨው በዝቶበት ከሆነ ለእነርሱ ንገሩ።