ለውድ ማዳመጫ የግድ ውድ ማጉያ?

እሷ፦ ውድ ሄድፎን የገዛ ሰው "ማጉያውም ዋጋውን ይመጥን" ይባላል። እኔ ማጉያ በዋጋ ሳይሆን ማዳመጫው በሚፈልገው ኃይል ይመረጥ ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 ውሰድ። 300 ኦም ሲባል ያስፈራል፤ አምራቹ እንደሚለው ግን በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል ያወጣል፤ ይህ ደግሞ 3 ሚሊዋት ገደማ ነው። ለረጅም ሰዓት ቢሰሙት ጆሮ የሚጎዳ ድምፅ በዚህች ኃይል ከተገኘ፣ ሺህ ዶላር የሚከፈለው ለምኑ ነው?

እሱ፦ ቆይ እንጂ፣ ሁሉም እንደዚያ አይደለም። ሃይፋይማን ኤችኢ-6 50 ኦም ብቻ ሆኖ ሳለ በ1 ሚሊዋት የሚያወጣው 83.5 ዴሲቤል ነው። 103 ለመድረስ 90 ሚሊዋት ገደማ ይፈልጋል። ስልክ ላይ የምትሰካዋ ትንሽ አስማሚ እዚህ አቅም ያጥራታል።

እሷ፦ ይህ ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ኦሙ ብቻውን ብዙ አይነግረንም ማለት ነውና። በ100 ዶላር ገደማ ለገበያ የቀረበው ጄዲኤስ ላብስ አተም ማጉያ ያን ያህል ኃይል አያቅተውም።

እሱ፦ "ውዱን ሰምቼዋለሁ፣ ይለያል" የሚሉትስ?

እሷ፦ ሊለይ ይችላል። ግን አንዱ በትንሹ ከፍ ብሎ ከተከፈተ ጆሯችን የጮኸውን ይመርጣል፤ መጠናቸው በቮልት መለኪያ ሳይስተካከል የሚደረግ ንጽጽር አያሳምነኝም። አንዳንድ የቫኩም ቲዩብ ማጉያዎች ደግሞ የመውጫ ኢምፒዳንሳቸው ከፍ ስለሚል የኤችዲ 650ን ቤዝ ያወፍሩታል። ጣዕሙን የወደደ ይግዛ፤ "ከርካሹ ይበልጥ ትክክለኛ ነው" ካለኝ ግን ልኬቱን አሳየኝ እለዋለሁ።