የቦይንግ ወረቀትና የቱሉ ፈራ ጉድጓድ

(በነጋዴዎች፣ በሒሳብ ባለሙያዎችና በድርጅት ሥራ አስኪያጆች ስብሰባ ላይ በንባብ የቀረበ ንግግር)



ስለ "ኮምፕሊያንስና ስለ ኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት" ተናገር ስትሉኝ "ምነው እኔን?" ብያለሁ። ሕግ አዋቂ አይደለሁም፤ ኦዲተርም አይደለሁም። ከዚህም ከዚያም እየጻፍኩ የምተዳደር ነፃ ጋዜጠኛ ነኝ። ብቻ በአገራችን ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። ትልቅ የካርቶን ቼክ፣ ቼኩን ግራና ቀኝ የያዙ ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች፣ ከኋላቸው ባነር፣ ከፊታቸው ካሜራ። ለትምህርት ቤት ወንበር፣ ለአረጋውያን ብርድ ልብስ። እሰየው ነው፤ ማን ይጠላል? ኮምፕሊያንስ ሲባል ደግሞ በየባንኩ ፎቅ ላይ ስሙ የተለጠፈበት አንድ በር አለ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ቼኩም ስለ በሩም አይደለም። ሰው ስላለቀበት ጉዳይ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ 2 ሰዓት ከ38 ላይ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ አቀና። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ከተረከብነው ገና አራት ወሩ። ስድስት ደቂቃ ብቻ አየር ላይ ቆየ። ቢሾፍቱ አጠገብ ቱሉ ፈራ በተባለች መንደር እርሻ ላይ አፍንጫውን ተክሎ ወደቀ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች። የተረፈ የለም። ጉድጓዱ 10 ሜትር ያህል ይጠልቅ ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ሥሩ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የአውሮፓው ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢ የሆነውን ኤ320 ኒዮ ይዞ ገበያ ወጣ። ቦይንግ ደነገጠ። አዲስ አውሮፕላን ከባዶ መሥራት ዓመታት ይፈጃል፣ ገንዘብም ይበላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገውን አሮጌውን 737 አንሥቶ ትልልቅ ሞተር ገጠመለት። ሞተሮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍተው ተተከሉ፤ በዚህ ምክንያት አውሮፕላኑ አንዳንድ ጊዜ አፍንጫውን ወደ ላይ የማንሣት ጠባይ አመጣ። ይህን ጠባይ ለማረም "ኤምካስ" የሚባል ሶፍትዌር ተጨመረ። ሥራው አብራሪው ሳያዝዘው አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አውሮፕላኑ ላይ የአየሩን አቅጣጫ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ኤምካስ ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። አንዱ ቢዋሽ ማንም አይጠይቀውም ነበር።

ይህ የመሐንዲስ ስሕተት ነው ሊባል ይችላል። የእናንተ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ቦይንግ ለገዢዎቹ የገባው ቃል "የድሮውን 737 የሚያበር አብራሪ ለማክስ ሲሙሌተር መግባት አያስፈልገውም" የሚል ነበር። ሳውዝዌስት ለተባለው ትልቅ ደንበኛው፣ የሲሙሌተር ሥልጠና ግዴታ ከሆነ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ቅናሽ አደርጋለሁ ብሎ በውል ፈርሟል። እንግዲህ ስለ ኤምካስ እውነቱን መናገር ዋጋው ተተመነለት ማለት ነው። ሒሳብ ሠራተኞች ስለሆናችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታነቡታላችሁ። ከዚያ ምን ሆነ? የቦይንግ ሁለት ቴክኒካል አብራሪዎች የአሜሪካን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አሳሳቱት። ኤምካስ ከማኑዋሉ ወጣ። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ኩባንያው በኋላ ፈርሞ ያመነው ቃል ነው። በ2020 ይፋ በሆኑት የውስጥ መልእክቶች ላይ አንዱ የቦይንግ ሠራተኛ ለባልደረባው፣ ይህን አውሮፕላን የነደፉት ቀልደኞች፣ ተቆጣጣሪዎቻቸው ደግሞ ዝንጀሮዎች ናቸው ብሎ ጽፎለታል። ውስጥ ለውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ወደ ውጭ ሁሉም ዝም!

ተቆጣጣሪውስ የት ነበር? መልሱ ያስቃልም ያስለቅሳልም። ከፍተሻው ሥራ ብዙው በውክልና ለቦይንግ ለራሱ ሠራተኞች ተሰጥቶ ነበር። ደመወዛቸውን ከቦይንግ እየበሉ ቦይንግን ይመረምራሉ። ጅብን አህያ ጠብቅልኝ እንደ ማለት ነው።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ማክስ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ፤ 189 ሰው አለቀ። ይህ አየር መንገድ ከዓመት በፊት ለአብራሪዎቹ የሲሙሌተር ሥልጠና ሊሰጥ አስቦ ሳለ፣ አያስፈልግም ብለው ያግባቡት የቦይንግ ሰዎች ናቸው። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በውስጡ ስሌት ሠራ። ማስተካከያ ካልተደረገ በማክስ ዕድሜ ውስጥ እስከ 15 የሚደርስ ተጨማሪ አደጋ ሊኖር ይችላል አለ። አስራ አምስት! ወረቀቱ ተጻፈ፤ አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ። የሶፍትዌሩ ጥገና እስኪደርስ ድረስ ገበያው አይቆምም ተባለ። የእኛዎቹ 157 ሰዎች የተሳፈሩት በዚህ መሐል ነው።

እዚህ ላይ ንዴቴን ልደብቃችሁ አልችልም። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር። ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 25። መንግሥታችን በመጋቢት 2011 ማብቂያ ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት አብራሪዎቹ ቦይንግ ያዘዘውን ሥርዓት ደጋግመው ፈጽመዋል፣ አውሮፕላኑን ግን መቆጣጠር አልቻሉም አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ተነሥቶ፣ አሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ይወጣው ነበር አለ። ከሳሪው ያልተነገረውን ነገር ለምን አላወቅህም ብሎ ሟችን ይከሳል! እውነቱን ለመናገር የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በ2015ቱ የመጨረሻ ሪፖርታችን ላይ ቅር ብሏቸዋል፤ የአብራሪዎቹ አያያዝ፣ በተለይም የፍጥነቱ ነገር፣ በቂ ቦታ አልተሰጠውም ብለዋል። ይህንንም ማወቅ አለባችሁ። ነገር ግን ኤምካስን ከማኑዋሉ ያወጣው ያሬድ አይደለም።

አሁን ወደ ማኅበራዊ ኃላፊነቱ። ከአደጋው በኋላ ቦይንግ 100 ሚሊዮን ዶላር ለተጎጂ ቤተሰቦችና ለአካባቢዎቻቸው እሰጣለሁ አለ። ግማሹ ለቤተሰቦች ተከፋፈለ፤ በአንድ ሟች 144,500 ዶላር ደረሰ። ይኸው የካርቶኑ ቼክ ማለት ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴኒስ ሙለንበርግ በ2019 መጨረሻ ሲባረር ደግሞ 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በአክሲዮንና በጡረታ ይዞ ወጣ። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡና ሻይ እየጠጣችሁ አስቡበት።

ከዚያ ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እኛ ገና ስናከብር፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከቦይንግ ጋር መስማማቱን አስታወቀ። 2.5 ቢሊዮን ዶላር ይከፍላል፤ ክሱ ለሦስት ዓመት ይቆይለታል። ድምሩ ያስፈራል አይደል? ዘርዝሩት። 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገዶች ካሳ ነው። 500 ሚሊዮኑ ለሟች ቤተሰቦች። የወንጀል መቀጮው 243.6 ሚሊዮን ብቻ። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ101 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ለ365 ቀን ስታካፍሉት መቀጮው የአንድ ቀን ገቢ እንኳ አይሞላም። ቤተሰቦቹ ደግሞ ስለ ስምምነቱ አልተማከሩም። በምላሹ ኩባንያው ምን ግዴታ ገባ? የኮምፕሊያንስ ፕሮግራሜን አጠናክራለሁ አለ። የሚቆጣጠረው ገለልተኛ ሰው ግን አልተመደበበትም። ጥፋቱ የተስፋፋ አይደለም፣ የበላይ አለቆችም አላገዙትም ተብሎ ነው። በግል የተከሰሰው አንድ ቴክኒካል አብራሪ ብቻ ነበር፤ እሱንም በ2022 የቴክሳስ ዳኞች በነፃ አሰናበቱት። እንግዲህ 346 ሰው ሞቶ አንድም ሰው አልታሰረም።

ሦስት ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2024፣ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ አየር ላይ እያለ የበሩ መድፈኛ ተገንጥሎ ወደቀ። ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የፍትሕ ሚኒስቴሩ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቦይንግ ውሉን አፍርሷል አለ። ያፈረሰው ምኑን መሰላችሁ? የኮምፕሊያንስና የሥነ ምግባር ፕሮግራሙን ነድፎ በሥራ ላይ ማዋልን። በሩ ላይ ስሙ ነበር፤ ከበሩ ኋላ ያለው ሥራ ነው የጠፋው።

ከፋብሪካውም ውስጥ የጮኸ ሰው ነበር። ኤድ ፒርሰን የሬንተን ፋብሪካ ከፍተኛ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በ2018 በጋ፣ ምርቱን በወር ከ47 ወደ 52 አውሮፕላን ለማድረስ ሲጣደፉ፣ ሠራተኛው ደክሟል፣ መስመሩን አቁሙት ብሎ ለአለቃው ጻፈ። የባሕር ኃይል መኮንን ስለነበረ፣ በጦሩ ቤት ከዚህ ላነሰ ነገር ሥራ እናቆማለን አለ። የተሰጠው መልስ፣ እሱ ለምክር ቤት እንደመሰከረው፣ ጦሩ ለትርፍ የቆመ ድርጅት አይደለም የሚል ነበር። የፋብሪካው ጥድፊያና የኤምካስ ጉዳይ አንድ ነው አልልም። መልሱን ግን ያዙልኝ።

"ይህ የአሜሪካ ጉድ ነው፤ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ አላችሁ፤ ከፊታችሁ አያለሁ። ልመልስ። ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ከአሜሪካ ምክር ቤትና ከቴክሳስ ፍርድ ቤት መዝገብ ስለወጣ ነው። እዚህ አገር አንድ ኩባንያ የሠራተኞቹን የውስጥ መልእክት አምጣ ተብሎ ለምክር ቤት ያስረከበበትን ቀን የሚያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ። ... ማንም የለም። የወንጀል ጠቋሚዎችን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል አለን። የ1952ቱን የተካ አዲስ የንግድ ሕግም ከ2013 ጀምሮ አለን። ወረቀትስ አላነሰንም። የእናንተ ሒሳብ ሹም "ይህን ደረሰኝ አልፈርምም" ቢል ሰኞ ዕለት ወንበሩ ላይ ታገኙታላችሁ? ዕቃችሁ ጉድለት እንዳለው የሚያውቀው የመጋዘን ሠራተኛ ለማን ነው የሚናገረው? ኦዲተራችሁን የሚመርጠው፣ የሚከፍለው፣ ካልተስማማው የሚቀይረው ያው የሚመረመረው ሰው አይደለም ወይ? የወሩ ጉርሻ የሚሰጠው በሽያጭ ብዛት ብቻ ከሆነ፣ ስለ ጉድለት የሚያወራው ሰው በራሱ ጉርሻ ላይ ነው የሚፈርደው።

ታሪኩ የት ደረሰ ላላችሁኝ፦ በ2024 ቦይንግ ጥፋተኛ ነኝ ሊል ተስማምቶ ነበር፤ ዳኛ ሪድ ኦኮነር ውሉን አልቀበልም አሉ። እኚህ ዳኛ ቀደም ብለው፣ የቦይንግ ወንጀል በአሜሪካ ታሪክ ሰው በመጨረስ ረገድ ከኩባንያ ወንጀሎች ሁሉ የከፋው ሊባል ይችላል ብለው የጻፉ ናቸው። በ2025 ግን አዲስ ስምምነት መጣ። 444.5 ሚሊዮን ዶላር ለቤተሰቦች፣ 455 ሚሊዮን ለኮምፕሊያንስና ለደኅንነት፣ ክሱ ይነሣ። በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ክሱ ተነሣ። በዚያው ወር ግን ቺካጎ ላይ፣ በእኛው አውሮፕላን ለሞተች አንዲት መንገደኛ ቤተሰብ፣ ተራ ዜጎች የተቀመጡበት የዳኝነት ጉባኤ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ።

ሰዓቴ አልቋል፤ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ ስለ መጋዘኑ ሠራተኛ ያነሣሁትን የሚመልስልኝ ካለ ደግሞ እሱ ይቅደም።